ከገበታ ላይ የተነጠቀው ጨርቅ

እትዬ ኤጭ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ድሮ የነበሩ ነርሶች ናቸው፤ እነሱ ተቀይረው ሄዱ፣ ስሙ ግን ቀረ። በገጠሩ ጤና ጣቢያ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሃያ አንድ ዓመት ስትሠራ ኤጭ ሳትል የተቀበለችው አንሶላ የለም። ጋዋን ኪስ ውስጥ የታኘከ ማስቲካ ስታገኝ፣ ኤጭ። ሰው የተናፈጠበት የትራስ ልብስ ስታይ፣ ኤጭ። ሰው ሰላም ሊላት እጁን ሲዘረጋ እንኳ መጀመሪያ የምታየው ጥፍሩን ነው።

«እትዬ፣ እንዲህ የሚቀፍዎት ከሆነ ምን ሲሉ አጣቢ ሆኑ?» ይሏታል።

«የማይቀፈው ሰው ምኑን ያጥባል?» ትላለች። «የማይቀፈውማ አራግፎ ነው መልሶ የሚያነጥፈው።»

ሥራ በጀመረችበት ወር አንዲት ወላድ ደም አልቆም ብሏት፣ መኪና ሲጠበቅ ሲጠበቅ አለፈች። ወንዙ ሞልቶ ነበር። «መኪናው እየመጣ ነው፣ መኪናው እየመጣ ነው» እየተባለ ቀኑ መሸ። በማግሥቱ የአንሶላውን ጥቅል አምጥተው ለአዲሷ አጣቢ ሰጧት። እሷም ባለማወቅ የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ደም ደግሞ ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ይጋገራል፤ ክሩ ውስጥ እንደ ዝገት ገብቶ ይቀራል። ሦስት ቀን ብታሸው አልለቅም አለ፤ በኋላ ይቃጠል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ደም የነካውን ነገር በቀዝቃዛ ውሃና በጨው እንጂ በሌላ አጥባ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ «መኪናው እየመጣ ነው» ሲባል ብትሰማ አታምንም።

ድሮን የምትባል ሰው አልባ አውሮፕላን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ይዛ ልትመጣ ነው ሲባል የሰፈሩ ሰው ሳቀ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ተባለ። ትልቁ ሆስፒታል ያለበት ከተማ በመኪና ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ ድሮኗ ግን በሃያ አምስት ደቂቃ ደረሰች። መጀመሪያ እባብ ለነደፈው አራሽ መድኃኒት ጣለች። ቀጥላ ተወልዶ አልተነፍስ ላለ ሕፃን አየር መስጫውን ጣለች። ልጁ አለቀሰ፣ ሳቁም ቀረ። ድምፅዋ እዝዝ የሚል ስለሆነ ጥንዚዛ አሏት፤ ሰዉም ለመዳት።

ጥንዚዛዋ ታዲያ ሳጥኗን የትም አትጥልም። ምልክት ትፈልጋለች። ምልክቱ ከአንሶላ ሰፋ ያለ፣ መሐሉ ላይ ጥቋቁር አራት ማዕዘኖች የታተሙበት ነጭ ጨርቅ ነው። ከጣቢያው ጓሮ ባለው ሜዳ ላይ ተነጥፎ አራቱ ማዕዘን ላይ ድንጋይ ይቀመጥበታል። ሊያሠለጥን የመጣው ሰውዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሲደጋግም የነበረው አንድ ነገር ነው።

«ከሆዷ ሥር ካሜራ አላት። ምልክቱን አጥርታ ካላየች አትለቅም። ሦስት ጊዜ ትዞራለች፣ ከዚያ ሳጥኑን ይዛ ትመለሳለች። ባትሪዋ ከዚያ በላይ አይችልም። ስለዚህ ጨርቁ አይቆሽሽም፣ ለሌላ ሥራ አይውልም፣ ከማስቀመጫው አይወጣም። ማነው ንጹሕ ሰው?»

ሁሉም አንድ ላይ ወደ እትዬ ኤጭ ጠቆሙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቁን እንደ ሙሽራ ልብስ ያዘችው። ከተነጠፈበት ሣር ላይ አንስታ፣ አጥባ፣ ጥላ ውስጥ አድርቃ፣ በካውያ ትተኩሰዋለች። ጥቁሩ እንዳይደበዝዝ ገልብጣ ነው የምትተኩሰው። አጣጥፋ በክዳን ሳጥን ውስጥ ስታስገባው ለራሷም ደስ ይላታል፤ በዚያ ቤት ውስጥ አዩልኝ የምትለው ሌላ ነገር አልነበራትም።

የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ የቅጽል ስሙ «ይደርሳል» ነው። ጓንት አለቀ ሲሉት፣ ይደርሳል። ሳሙና የለም ሲሉት፣ ይደርሳል። የደም ማሰሪያው ያልተመለሰውም በይደርሳል ነው። ማሰሪያው ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ እስከ እምብርት እየጠበቀ የሚታሰር ወፍራም ልብስ ነው፤ ደም የሚፈሳት ወላድ ሆስፒታል እስክትደርስ ያለውን ደም ወደ ላይ፣ ወደ ልቧና ወደ ራሷ ይይዝላታል። ጣቢያው የነበረው አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ከአንዲት እናት ጋር ወደ ከተማ ሄዶ እዚያው ቀረ። አዋላጇ፣ ቀጭኗ ልጅ፣ ሦስት ጊዜ ጠይቃ ሦስት ጊዜ ይደርሳል ተብላለች።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ እንግዶች መጡ። ሰባት ወር ስትበር የከረመችውን ጥንዚዛ ሊመርቁ ነው የመጡት። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነና ግድግዳው በአንድ ቀን ተቀባ፤ ያውም በመንገድ በኩል ያለው ብቻ። ነፍሰ ጡሮች የሚቀመጡበት አግዳሚ ለእንግዶች ተብሎ ወደ አዳራሹ ተወሰደ፤ እነሱ ዛፍ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። እትዬ ኤጭ ይህን አይታ ወደ ማጠቢያ ቤቷ ገባች።

ረፋዱ ላይ ኃላፊው ወደ ማጠቢያ ቤቱ ብቅ አለ። በዕድሜ ልጇ ቢሆንም አንቺ ነው የሚላት።

«እትዬ፣ ያ ነጩ ጨርቅ የት አለ?»

«የቱ?»

«ምልክት ያለበት ነዋ። ጠረጴዛው ላይ እናንጥፈው። እንግዶቹ ያዩታል፣ ለካሜራም ያምራል።»

«ከሳጥኑ አይወጣም ተብሎ የለ?»

«ዛሬ እኮ በረራ የለም! ዛሬ ምረቃ ነው። ለሁለት ሰዓት ነው፣ ምን ይሆናል? ደግሞ አንቺ እንደተኮስሽው ዓይነት ጨርቅ በዚህ አገር ማን አለው?»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት ያሸነፈቻት። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ካውያዋ አንድ ሰው ተናግሮላት አያውቅም። «እሺ» አለችና ሳጥኑን ከፍታ ሰጠችው። እሺ ያለችው ቃል ግን ምግብ ውስጥ እንደ ተገኘ ፀጉር ምላሷ ላይ ቀረ። ብትውጠው አይዋጥ፣ ብትተፋው አይወጣ።

ቀትር ላይ የእጅ ፎጣ እንድታመጣ ተጠርታ ወደ አዳራሹ ገባች። ገብታም ያየችውን አየች።

የክብር እንግዳው ሥጋ በልተው ጨርሰው ጣቶቻቸውን በጨርቁ ጠርዝ እየጠረጉ ነበር። አንድ በአንድ፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሐል ጣት። የናፕኪን ጥቅል እዚያው ፊታቸው አለ። ከጎናቸው የተቀመጠው የጋጠውን አጥንት ሳህን ላይ በማድረግ ፈንታ እዚያው ነጩ ላይ አጋድሞታል። አንዱ ቀይ ለስላሳ ደፍቶ በናፕኪን ሸፍኖታል፤ ናፕኪኑ ቀልቶ፣ ርሶ፣ ጨርቁ ላይ ተለጥፏል። በጥርስ እንጨት የወጣው ሁሉ ሳይቀር የሚራገፈው እዚያው ነው። ኃላፊው ቆሞ ያጨበጭባል። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይ ያነሳል።

«ዛሬ» አሉ እንግዳው ምላሳቸውን በጥርሳቸው ላይ እያዞሩ፣ «ዛሬ ርቀት የሚባል ነገር ተሸንፏል!»

«ኤጭ» አለች።

«ምን አለች?»

«አስነጥሷት ነው፣ ጌታዬ» አለ ኃላፊው።

እትዬ ኤጭ ፎጣውን አስቀምጣ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አዋላጇ እየሮጠች መጣች፤ ጓንቷ እስከ ክርኗ ቀይ ነው።

«እትዬ! ጨርቁን ያንጥፉ፣ ቶሎ!»

«ምን ሆነሻል?»

«ጠዋት የወለደችው፣ ባሏ በሞተር ያመጣት ልጅ። እንግዴ ልጁም ወጥቶ ነበር፣ ሁሉም ደህና ነበር፣ አሁን ደሙ አልቆም አለ። መድኃኒቱን ሰጥቻታለሁ፣ ሆዷን አሽቻለሁ፣ እንቢ አለ። ሆስፒታል ደውዬ ማሰሪያ ላኩልኝ ብያለሁ። ጥንዚዛዋ ተነስታለች፤ የቀራት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።»

«መኪናስ?»

«መኪናው እየመጣ ነው። ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል።»

እትዬ ኤጭ ወደ ማዋለጃው ክፍል ዞረች። ያቺን ልጅ ጠዋት አይታታለች። የልጇን እግር ይዛ «እትዬ፣ ይሄ ጣቱ ያባቱ ነው፣ ጠማማ» ብላ አስቃታለች። አሁን በተከፈተው በር በኩል ፊቷ ይታያል፤ ከተኛችበት አንሶላ ይልቅ ነጭ ሆኗል።

ተመልሳ አዳራሽ ገባች። ኃላፊው ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች።

«ጨርቁን ስጠኝ። ጥንዚዛዋ እየመጣች ነው፣ ወላድ ልትሞት ነው።»

«እንግዳው እየተናገሩ እኮ ነው» አለ ሳይዞር፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደተለጠፈ። «አምስት ደቂቃ ብቻ። ይደርሳል።»

እዚህ ላይ እትዬ ኤጭ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፤ በኋላ ስታስታውሰው ከአጥንቱም ከናፕኪኑም በላይ የቀፈፋት ይህ ነውና። ቆመች። እጆቿን አጣምራ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንግዳው እስኪጨርሱ ጠበቀች። ሃያ አንድ ዓመት እንደዚያ ነበር የቆመችው፣ እግሯ ሌላ አቋቋም አያውቅም። እንግዳው ስለ ሰማይ ተናገሩ፣ ስለ ነገ ተናገሩ፣ አጨበጨቡላቸው፣ ውሃ ጠጡ፣ እንደገና ጀመሩ።

ከኮሪደሩ ማዶ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ጡት የሚሰጠው ያጣ ልቅሶ።

ያን ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። መጀመሪያ እንደ ወጉ አንድ ሳህን አነሳች፣ ሁለተኛ አነሳች። «ቆይ አልጨረስኩም» አለ አንዱ አጥንት እየያዘ። ቀና ብላ አየችው፤ አገጩ በስብ ይብለጨለጫል። ከዚያ የጨርቁን ሁለት ጫፍ ጨብጣ፣ የረጠበ ብርድ ልብስ እንደሚጎተት አድርጋ በሙሉ ጉልበቷ ጎተተችው።

ሳህኑም፣ ጠርሙሱም፣ መረቁም፣ አበባውም እንግዳው ጭን ላይ ሄደ።

«እብድ ናት እንዴ?»

«ያዟት!»

«እትዬ! እትዬ፣ ምን ነካሽ?»

ማንም አልያዛትም። ጨርቁን በደረቷ አቅፋ በጓሮ በር ወጣች። ሥጋው፣ ለስላሳው፣ የሰው ምራቅ፣ ሁሉም በሸሚዟ አልፎ ቆዳዋ ላይ ደረሰ። ሌላ ቀን ቢሆን እዚያው ታስመልስ ነበር።

ሜዳው ላይ አነጠፈችው፤ አራቱን ድንጋይ ጫነችበት። እዝዝታው ተሰማ። ጥንዚዛዋ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ብላ መጣች፣ ከጨርቁ በላይ ዝግ አለች፣ ከዚያ አለፈች።

አልጣለችም።

«ምነው?» አለች እትዬ ኤጭ ወደ ሰማይ። «ምን ሆንሽ? እዚህ ነው!»

ከዚያ ዝቅ ብላ አየች። ቀዩ ለስላሳ ከጥቁሩ አራት ማዕዘን ጀምሮ እስከ ጠርዙ ድረስ እንደ ምላስ ተዘርግቷል። በሌላው ወገን የወጡ ቡናማ ክብ፣ የሳህኑ ቂጥ እንደ ማኅተም የመታው። ይህ ምልክት አይደለም፤ የተበላበት ገበታ ነው። ማንስ ቢሆን ምኑን ይለየዋል? ተንበርክካ በሽርጧ ጠረገችው። ተስፋፋ። «ኤጭ! ኤጭ!» አለች፣ እንባዋ እየመጣ።

ጥንዚዛዋ ሁለተኛ ዞረች። አሁንም አልጣለችም።

አንዴ ቀርቷታል። እትዬ ኤጭ ተነስታ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ሮጠች። ጠዋት ያሰጣቻቸው የትራስ ልብሶች ነጭ ሆነው ይወዛወዛሉ። መቆንጠጫውን ሳትፈታ በጭምደዳ እየነጠቀች ስድስት ሰባቱን አወረደች። ቀዩን ምላስ በአንዱ ሸፈነች፣ ቡናማውን ክብ በሁለት። የትራሱን ልብስ ጠርዝ ከጥቁሩ ጠርዝ ጋር ስታጋጥም አልተቸገረችም፤ ጠርዝ ማጋጠም ሥራዋ ነው። ድንጋይ ስትፈልግ ቀና ብትል፣ ባለካሜራው ከአዳራሹ ሮጦ መጥቶ መሐል ጥቁሩ ላይ በጫማው ቆሞ ሰማዩን ያነሳል።

«ውረድ!»

«አንድ ጊዜ እማማ፣ ስትመጣ ላንሳት...»

«ከጨርቁ ላይ ውረድ፣ አንተ ቆሻሻ!» ብላ በሁለት እጇ ገፋችው። በቂጡ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። የጫማውን አቧራ በክንዷ ጠርጋ፣ ድንጋይ በማጣቷ በትራስ ልብሶቹ ጫፍ ላይ የራሷን ሁለት ጫማዎችና ከባለካሜራው እጅ የወደቀውን ቦርሳ ጫነች።

ጥንዚዛዋ ሦስተኛ መጣች። ዝግ አለች። ቆመች። ሆዷ ተከፈተና ሳጥኑ በወረቀት ጃንጥላው እየተንሳፈፈ ወረደ።

አዋላጇና እትዬ ኤጭ ሆነው ማሰሪያውን ለወላዷ አሰሩላት። ከቁርጭምጭሚት ጀመሩ፤ አንዱን ቀበቶ ሲያጣብቁ አንዱን ሲያጠብቁ፣ ጉልበት፣ ጭን፣ ዳሌ፣ ሆድ። አዋላጇ የደም ግፊት መለኪያውን እያየች ትቆጥራለች። ከዚያ መቁጠሯን ተወች። «ከፍ አለ» አለች በሹክሹክታ። «እትዬ፣ ከፍ እያለ ነው። ደሙም ቀንሷል።»

ትንሽ ቆይቶ የልጅቷ ዓይን ተከፈተ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እትዬ ኤጭ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ይሸታል» አለች ልጅቷ።

«ምኑ?»

«ልብሱ... ይሸታል።»

እትዬ ኤጭ ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን አሸተተች። እውነቷን ነው። የሌላ ሴት የቆየ ደም፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ተጋግሮ የቀረ። በዚያ ትልቅ ሆስፒታል፣ ስንት ማሽን ባለበት፣ አንድ የማይቀፈው ሰው አለቅልቆ ብቻ ልኮታል። በንዴት ደሟ ፈላ፤ ደግሞም ሳቀች። በሞት አፋፍ ያለ ሰው ሽታ አይመርጥም፤ ይቺ ግን መርጣለች።

«ኤጭ በይ፣ ልጄ» አለቻት ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ እየሰበሰበች። «ደህና አድርገሽ፣ ኤጭ በይ!»

በሩ ተንኳኳ። ኃላፊው ነው፤ ከኋላው ባለካሜራው፣ ከዚያም ሱሪያቸውን በውሃ ያስጠረጉት እንግዳ።

«በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ!» አለ ኃላፊው። «እሷም ዳነች አይደል? አሁን ሳጥኑን መልሳችሁ ዝጉትና እንግዳው ለአዋላጇ ሲያስረክቡ አንዴ ፎቶ ይነሳ። የቅድሙ አልተነሳም። ከዚያ ደግሞ ገብተው ጎኗ ይቆማሉ።»

«ጎኗ?» አለች እትዬ ኤጭ። ልጅቷ ከማሰሪያው በላይ የለበሰችው የለም።

«አንድ ደቂቃ ነው። ደግሞ ጨርቁን መልሺ፣ ኬኩ ገና አልተቆረሰም።»

እትዬ ኤጭ በባዶ እግሯ በሩ ላይ ቆመች። እንግዳው እጃቸውን ዘረጉላት፤ ጥፍራቸውን አየችና እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች።

«ጨርቁ ተዘፍዝፏል» አለች። አልተዘፈዘፈም ነበር፤ ሜዳ ላይ ነው። ግን በሩን በፊታቸው ዘግታ፣ በጓሮ ዞራ ሄዳ ጨርቁን አነሳችና ከደም አንሶላዎቹ ጋር ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ እስከ ክርኗ ደፈቀችው። ኃላፊው ማጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ተከትሏት መጣ፤ ውሃው ሲቀላ አይቶ ግን ወደ ውስጥ አልዘለቀም። አፍንጫውን ያዘና ተመለሰ።

መኪናው ከሦስት ሰዓት ከሩብ በኋላ ደረሰ። ልጅቷ ከነማሰሪያዋ፣ ልጇ በአባቱ ጉያ ሆኖ ሄዱ። በሁለተኛው ቀን አዋላጇ ደውላ ጠየቀች፤ ደም ተሰጥቷት ተቀምጣ ሾርባ እየጠጣች ነው አሏት።

ሰኞ ዕለት እትዬ ኤጭ ወደ ኃላፊው ቢሮ ተጠራች። ጠረጴዛው ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። አነበበላት። «የጣቢያውን የጠረጴዛ ልብስ ያለ ፈቃድ በማንሳትና በክብር እንግዶች ላይ ንብረት በመድፋት» ይላል።

«የምን ልብስ?»

«የጠረጴዛ ልብስ። እንግዲህ ምን ልበለው? ምልክቱ ነው ብዬ ብጽፍ፣ ምልክቱ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ለሁላችንም ይሄ ይሻላል። ፈርሚ።»

እስክሪብቶውን አልነካችም። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«ጥፋትስ አጥፍቻለሁ» አለች። «ይሄን ግን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ጨርቁን ስትጠይቀኝ እሺ ብዬሃለሁ። ካውያዬን ስላመሰገንክልኝ እሺ አልኩ። ደግሞ እሷ ደሟ እየፈሰሰ እኔ ንግግር እስኪያልቅ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜአለሁ። እሱን ጻፍ፤ እፈርማለሁ።»

ኃላፊው ሳቅ አለ፤ እሷ ስላልሳቀች ግን ተወው። መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«እንዲህ ያለ ጥፋት የሚል አንቀጽ የለም» አለ።

«እንግዲያው ፈልግለት» ብላ ተነሳች፤ የተነከረ ጋዋን ነበራት።